ሰኞ የሚባል ውሻ

አዳማ ላይ ውሻ የሚቀጠረው ለአንድ ሥራ ነው፤ ለመጮህ። ደመወዙ የምሳ ትራፊ ነው፣ የዓመት ፈቃድ የለውም፣ ጡረታውን የሚያስብለትም የለም። ቀን ቀን በር ሥር ተጋድሞ ዝንብ ያባርራል፣ ማታ ማታ ባጃጅ ባለፈ ቁጥር ይጮሃል፣ ሌባ የመጣ ዕለት ደግሞ እግዜር ካለ ይጮሃል። ስሙ ወይ ቦቢ ነው ወይ ጃክ። የጎረቤታችን ልጅ ከአዲስ አበባ ሀስኪ የሚባል ዘር ውሻ ይዛ እስክትመጣ ድረስ ይህን ውል የማያውቅ ውሻ በሠፈራችን ታይቶ አይታወቅም።

ልጅቷ «ስኖው»፣ በረዶ ለማለት፣ ብላ ነበር የሰየመችው። ዘበኛው ግን በእንግሊዝ አፍ የሚጨነቅበት ምክንያት ስላልታየው ውሎ ሳያድር «ሰኞ» አደረገው፣ ሠፈሩም ተከተለ። ዛሬ ስኖው ቢሉት ዞር ብሎ አያይም። ሰኞ ሲሉት ጆሮውን ያቆማል፣ ያዳምጣል፣ አይመጣም። ስሙን ማወቅና ሲጠሩት መምጣት ለሀስኪ ሁለት የተለያዩ ጉዳዮች ናቸው፤ ሁለተኛውን በይደር ነው የሚያየው።

አንዱ ዓይኑ ቡኒ ነው፣ አንዱ እንደ ሰማይ ሰማያዊ። ይህች ዓይን ያላስነሳችው አስተያየት የለም። አንዱ «ሞራ ነው፣ ዓይን ሐኪም ይየው» አለ፤ ሌላው «በቡዳ ተበልቶ ነው» አለ። ነገሩ የዘር ብቻ ነው። በ2018 እ.ኤ.አ. ከ6,000 በላይ ውሾችን መርምሮ የታተመ ጥናት የሀስኪን ሰማያዊ ዓይን በአንድ ክሮሞዞም ላይ ከተደገመች ቁራጭ ጋር አያይዞታል። ያቺው ዓይን ከቡኒዋ ባልተናነሰ ታያለች፤ በተለይ ዶሮ።

«ተኩላ ነው» የሚሉም አሉ፤ ልጆች በአጠገቡ ሲያልፉ እጅ ለእጅ ይያያዛሉ። የኛው የኢትዮጵያ ተኩላ፣ ቀይ ቀበሮ የምንለው፣ በአብዛኛው ከስምጥ ሸለቆው ማዶ ባሌ ተራራ ላይ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው የሚኖረው። ቀላ ያለ፣ ቀጠን ያለ፣ አይጥ እየለቀመ የሚያድር ምስኪን ነው። የቀረው 500 ገደማ ሲሆን ከሚፈጁት ነገሮች ዋናው ከውሾች የሚጋባበት የእብድ ውሻ በሽታ ነው። መፍራት ካለ ተኩላው ውሻን ይፍራ እንጂ ውሻው ተኩላ መስሏል ብለን እኛ የምንሸሽበት ምክንያት የለም። ደግሞ ክትባት የሀስኪ ብቻ ጌጥ አይደለም፤ በር ላይ የተጋደመው ቦቢም በየዓመቱ ይወጋ።

የሰኞ ትልቁ ነቀፌታ ግን ሥራ አይሠራም የሚል ነው። ቁራሌው በር ሲያንኳኳ ጅራቱን እየቆላ ይቀበለዋል። ቆጣሪ አንባቢ ሲመጣ እስከ ቆጣሪው ይሸኘዋል። አንድ ሌሊት አጥር ዘሎ የገባ ሰው ነበር፤ ዘበኛው ባትሪ ይዞ ሲደርስ ሌባው ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል፣ ሰኞ ሁለት እጁን ደረቱ ላይ ጭኖ ፊቱን ይልሰዋል። ሰውዬው «ኧረ ያዙልኝ» ብሎ የጮኸው ራሱ ነው። ዘበኛው ግን ከዚያን ወዲህ ሰኞን አጥብቆ ይወደዋል። «ይሄ እንጀራዬን አይነጥቀኝም» ይላል።

የሙያው ነገር ስለሆነ አልፈርድበትም። በሩቅ ምሥራቅ ሳይቤሪያ የሚኖሩት የቹክቺ ሰዎች ይህን ውሻ ያረቡት በበረዶ ላይ ተንሸራታች እንዲጎትት ነው፤ ቀለል ያለ ጭነት፣ ሩቅ መንገድ፣ ጥቂት ቀለብ። እንግዳ ያየ እንደሆነ እንዲናከስ የነገረው ሰው የለም፤ ከሌሎች ውሾች ጋር ተጠምዶ የሚውል ውሻ ቁጡ ከሆነ መንገዱ ሁሉ ጠብ ነው። በጥር 1925 እ.ኤ.አ. በአላስካዋ ኖም ከተማ ዲፍቴሪያ የሚባለው ጉሮሮ የሚዘጋ በሽታ ሲገባ አውሮፕላን መብረር አልቻለም፣ መርከብ በበረዶ ታግዷል። መድኃኒቱን 20 ነጂዎችና 150 ያህል ውሾች እየተቀባበሉ በአምስት ቀን ተኩል አደረሱት። መንገዱ 1,085 ኪሎ ሜትር ገደማ ነበር፤ በአዳማ በኩል አልፎ ጅቡቲ ከሚደርሰው የባቡር ሐዲዳችን ይረዝማል። ረጅሙንና አስፈሪውን ክፍል የሮጠው ቶጎ የሚባል ውሻ ሲሆን በዚያው ዓመት ኒው ዮርክ ሴንትራል ፓርክ ውስጥ ሐውልት የቆመለት ግን መጨረሻ ላይ ከተማ የገባው ባልቶ ነው። መሥሪያ ቤት የዋለ ሰው ይህ አይገርመውም።

እንግዲህ የዚያ ዘር ልጅ ነው አዳማ ላይ ቆርቆሮ አጥር ውስጥ ተቀምጦ ባጃጅ ሲቆጥር የሚውለው። ሥራ ፈት አይደለም፤ ሥራ ያጣ ባለሙያ ነው። ሁለቱን ያልለየ ሰው ሀስኪ ባይገዛ ይሻለዋል።

በዚያ ላይ ሙቀቱ አለ። አዳማ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,600 ሜትር ከፍ ብላ የተቀመጠች ናት፤ መጋቢትና ሚያዝያ ላይ ግን ያ ከፍታ የት እንደሚደበቅ አይታወቅም። ውሻ እንደ ሰው ገላው አያልበውም፤ መዳፉ ሥር ጥቂት ያልበዋል፣ የቀረውን ሙቀት በማለክለክ ነው የሚያወጣው። ሰኞ የመጀመሪያውን በጋ ያሳለፈው መታጠቢያ ቤት ውስጥ ነው። ሲሚንቶው ቀዝቃዛ መሆኑን ባወቀ ቀን ገብቶ ተዘረጋ፤ አባወራው ጋሼ ገላቸውን ለመታጠብ ፎጣ በትከሻቸው አንጠልጥለው በር ላይ ቆመው ሲለማመጡ በዓይኔ አይቻለሁ። «ና ውጣ የኔ ልጅ፣ አምስት ደቂቃ ብቻ» ይላሉ፤ እሱ አንድ ዓይኑን ከፍቶ ያያቸዋል፣ ሰማያዊዋን፣ ከዚያ መልሶ ይተኛል።

አሁን መላ ተገኝቷል። ልጅቷ ማታ በሃይላንድ ውሃ ሞልታ ፍሪዘር ውስጥ ታሳድራለች፤ ረፋዱ ላይ ጠንካራውን በረዶ ታቀብለዋለች። ሰኞ በሁለት እጁ አቅፎ ማንጎው ጥላ ሥር ይልሰዋል። ማንጎው ሥር ደግሞ ጉድጓድ ምሷል። መጀመሪያ ሰሞን የልጅቷ እናት አንድ ጉድጓድ ስትደፍን እሱ ሌላ ይከፍት ነበር፤ የአዳማ አፈር ልል ነው፣ ለመቆፈር የሚመች። ውሻው ግን ያበደ አይደለም። ከላይ ያለው አፈር ሲግል አንድ ክንድ ያህል ዝቅ ቢሉ ቀዝቃዛ ነው፤ ይህን ያወቀው ማንም ሳያስተምረው ነው። አንዱን ጉድጓድ ተዉለትና ውሃ አርከፈከፉበት፣ የቀሩትን መቆፈር ተወ።

አንድ ቀን እኩለ ቀን ላይ የሰርግ አጀብ ተከትሎ ወጥቶ ሲመለስ ምራቁ ተዝለግልጎ፣ ድዱ እንደ ጡብ ቀልቶ፣ እየተንገዳገደ ገባ። ዘበኛው «ምች ነው የመታው» ብሎ ዳማከሴ ጨምቆ ቀረበ። ከምች ጋር ያለውን ክርክር ለሌላ ጊዜ ላቆየውና፣ ይህ ሙቀት ነው፣ ይገድላል። የጤነኛ ውሻ ገላ ከ38 እስከ 39 ዲግሪ ነው፤ ከ41 ሲያልፍ ውስጥ ያለው አካል መጎዳት ይጀምራል። ጥላ ሥር አስገብቶ ቀዝቃዛ ውሃ ሆዱና ጭኑ ሥር ድረስ እያፈሰሱ ነፋስ እንዲያገኘው ማድረግ፣ ሊጠጣ ከፈለገ በጥቂት በጥቂቱ መስጠት፣ ከዚያ ሐኪም ዘንድ መሮጥ ነው። ልጅቷ ይህን ታውቅ ነበርና ከሮቶው በጎማ ለቀቀችበት። ዘበኛውም ዳማከሴው እንዳይባክን ለራሱ አፍንጫ ተጠቀመበት። ሐኪም ሲባል ደግሞ በኛ አገር ላምና በሬ የለመዱ ናቸው፤ ውሻ ሲመጣባቸው ፈገግ ይላሉ። ከበድ ያለ ነገር ሲሆን አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምናና ግብርና ኮሌጁን ያቆመው ቢሾፍቱ ላይ በመሆኑ እኛ ዕድለኞች ነን፤ የፍጥነት መንገዱን ይዞ ቅርብ ነው።

ፀጉሩን ተላጭቶ ቢገላገልስ የሚለው የሠፈሩ ሁሉ ምክር ነው። ጥግ ላይ ያለው ፀጉር አስተካካይ «አምጡት ፎርም ላድርግለት» ብሎ ማሽኑን አሙቋል። አይሆንም። የሀስኪ ፀጉር ሁለት ድርብ ነው፤ ከሥር ጥጥ የመሰለ፣ ከላይ ረዘም ጠንከር ያለ። የላዩ ፀሐይዋን ከቆዳው ይመልሳል፤ ላጭተኸው ብትተወው ቆዳው ይቃጠላል፣ ፀጉሩም እንደ ቀድሞው ላይበቅል ይችላል። የሚበጀው ሚዶ ነው። በቀዝቃዛው አገር በዓመት ሁለት ጊዜ ጥጡን ያራግፋል፤ ምልክት የሚሰጠው የቀኑ ማጠርና መርዘም ነው። አዳማ ላይ ቀኑ መቼም ያው ነው፤ ስለዚህ ሰኞ ዓመቱን ሙሉ ይራገፋል። ልጅቷ አበጥራ አበጥራ ሁለተኛ ውሻ የሚያህል ጥጥ ትከምራለች። የአዳማ ነፋስ ደግሞ ክምር አይወድም። ያን ሁሉ አንስቶ ከአጥር ማዶ ወዳሉት ጎረቤት ስጥ ላይ ወሰደው። ሴትዮዋ ብቅ ብለው ለልጅቷ የተናገሩት «ልጄ፣ ኧረ በርበሬዬ ሸበተ» ነው።

ስለ ነፋሱ ካነሳሁ አይቀር፣ ሰኞ በአዳማ ከልቡ የወደደው እሱን ብቻ ይመስለኛል። ማታ ፀሐይ ስትበርድ የነፋስ ማመንጫዎቹ ወደቆሙበት ኮረብታ አቅጣጫ ሲወስዱት አፍንጫውን ሽቅብ አድርጎ ይቆማል። በ2004 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው አዳማ አንድ 34 ተርባይን አለው፣ በ2007 የተጨመረው አዳማ ሁለት 102፤ ተደምረው 204 ሜጋ ዋት። መንግሥት ከነፋሱ መብራት አወጣ፣ ሰኞ ነፍሱን አተረፈበት።

ቀለቡ ከሚያስፈራው ያነሰ ነው። ሀስኪ ለቁመቱ ጥቂት ይበላል፤ ሳህኑን አይቶ ጥሎት ሲሄድ ታመመ ብለው የሚደነግጡ አሉ። መደንገጥ ያለባቸው ወጡን ሲሰጡት ነበር። ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርትም ጭምር፣ የውሻን ደም ይጎዳል፤ የኛ ወጥ ደግሞ ሽንኩርቱን አውጡ ቢባል ድስቱ ባዶ ነው የሚቀረው። የተቀቀለ የዶሮ አጥንትም ይሰነጠቅና ጉሮሮ ይወጋል። ለሰኞ የሚቀቀለው ሩዝና የሉካንዳ ርጋፊ ነው። በጾም የክርስቲያኑ ሉካንዳ ሲዘጋ የሙስሊሙ ሥጋ ቤት አለ። ይህን ሁሉ ሥጋ ሳይለይ በሰላም የሚበላ የሠፈራችን ነዋሪ እሱ ብቻ ነው።

የዶሮው ነገር ግን ሰላም አልነበረም። ሀስኪ ሰውን የሚወደውን ያህል የሚሮጥ ትንሽ ነገርን ያሳድዳል፤ ድመት፣ ዶሮ፣ አንዳንዴ የነፋስ ፌስታል። ከፋሲካ በፊት አንዲት ዶሮ በአጥር ቀዳዳ ገብታ አልወጣችም። ካሣ ለመነጋገር ሽማግሌ ተቀመጠ። በውሻ የተበላች ዶሮ ሁሉ እንቁላል ጣይ ነበረች፤ ይህችኛዋ ደግሞ በቀን አንዴ፣ በበዓል ዋዜማ ሁለቴ ትጥል እንደነበር ባለቤቷ ማሉ። ተከፈለ። ቀዳዳውም ተደፈነ፣ ካሣው ከአጥሩ ይበልጥ ስለነበር።

ከሁሉ ሠፈሩን ያስጨነቀው ድምፁ ነው። ሰኞ አይጮህም፣ ያላዝናል። ከሥሩ ተነስቶ ቀስ እያለ ወደ ላይ የሚወጣ፣ ጫፍ ላይ ደርሶ የሚንቀጠቀጥ «ኡ…ው…ው»። በኛ አገር ውሻ ሲያላዝን ሞት እየጠራ ነው፤ ሰው ቤት ውስጥ ሆኖ «በራስህ» ብሎ ያማትባል። አጠገባችን የሰነበቱ ታማሚ አዛውንት ነበሩ። ሰኞ ባላዘነ ቁጥር ዘመድ ሁሉ «አባባ እንዴት አደሩ?» እያለ ይደውል ጀመር። እሳቸው ተሽሏቸው ከዘራቸውን ይዘው ገበያ ወጥተዋል፤ ስልኩ ግን እስከ ዛሬ አልቆመም። እንዲያውም ባለፈው «ይህ ውሻ ከመምጣቱ በፊት ማንም አይጠይቀኝም ነበር» ሲሉ ሰማኋቸው።

ማላዘን ለዚህ ውሻ ንግግር ነው። ጓደኛ የት አለህ ይላል፣ ብቻዬን ተዉኝ እንዴ ይላል። አምቡላንስ ሲያልፍ የሚመልሰው ዘመድ መስሎት ነው። ሌሊት ከከተማው ዳር ጅብ ሲጮህ የሌላው ቤት ውሻ ሁሉ ጅራቱን ከእግሩ መሃል ሸጉጦ ይንጫጫል፤ ሰኞ ጆሮውን አቁሞ ይሰማና ተረጋግቶ መልስ ይሰጣል። ጅቡ ዝም ይላል። ምን እንደተባባሉ እግዜር ይወቅ። ቤት ውስጥም ሲቆጡት አፉን አሞጥሙጦ «ውው…ው» እያለ ይከራከራል። እናትየው ልጆቿን ባሳደገችበት ቋንቋ «አፍህን ዝጋ! መልስ ትሰጠኛለህ?» ትለዋለች፤ እሱ ይህንንም ይመልሳል። ቁጣ እንዲያበዛ እንጂ እንዲያቆም አያደርገውም። ሳትመልስለት ጀርባዋን ስትሰጠው ነው የሚሰለቸው፤ ግን እናት ሆኖ የመጨረሻውን ቃል ለውሻ የሚተው የት ይገኛል?

አጥር ደግሞ ለሱ አስተያየት ነው። በላዩ ይዘላል፣ በሥሩ ይምሳል፣ መቀርቀሪያውን በአፍንጫው ያነሳል። አንዴ ጠፍቶ ሲፈለግ ፍራንኮ አካባቢ አንድ ሥጋ ቤት በር ላይ ተገኘ፤ ሰዎች ተራ ይዘው አብረውት ፎቶ ይነሳሉ። የመለሰው ባለባጃጅ ሒሳብ ጠየቀ። «ኮንትራት ነው የመጣው፤ የኋላውን ወንበር ሙሉውን ይዞት ሰው አላስጭን አለኝ» አለ። ከቤት የሸሸ መስሏቸው ቤተሰቡ ተቀየመ። ቅያሜው አይገባውም፤ ሩጫው ሲመጣበት ማን ቤት እንዳለ አያስታውስም። እንዲያውም በትውልዱ ፍርድ ቢሰጥ ይህ ውሻ የሚገባው አዳማ ሳይሆን ሽቅብ አርሲ ነው። አሰላ ከ2,400 ሜትር በላይ ናት፣ በቆጂማ 2,800 ገደማ። ደራርቱ ቱሉ፣ ቀነኒሳ በቀለና ጥሩነሽ ዲባባ የወጡበት አገር አንድ ባለአራት እግር ሯጭ ቢጨመርበት ማን ይገረማል? ቁልቁል ወደ ሞቃቱ መተሃራ ይዤው ልሂድ የሚል ካለ ግን ከአሁኑ ይያዝልኝ።

አርሲ ሩቅ ነውና የሠፈሩ ልጆች መላ መቱ። በኩሽኔታ የሚሽከረከር የእንጨት ጋሪ ነበራቸው፤ ቁልቁለት ላይ ተቀምጠው የሚወርዱበት፣ ድምፁ የሰው ጥርስ የሚያፋጭ። ልጅቷ ከሰፊ ጋር ተማክራ ሰፋ ያለ የደረት መታጠቂያ አሰፋች፤ አንገት ላይ ብቻ የታሰረ ገመድ ሲጎትት ያንቀዋል። ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ፣ አስፋልቱ ሳይግል፣ አንድ ባዶ ጄሪካን ጭነው አጠመዱት። ሰኞ መጀመሪያ ዞር ብሎ ጋሪውን አየ፤ ከዚያ ወደ ፊት። ስሙን ሲጠሩት የማይመጣው ውሻ፣ ማንም ምንም ሳይለው አንገቱን ዝቅ፣ ደረቱን ቀና አድርጎ ሄደ። ልጆቹ ከኋላ ይሮጣሉ፣ ኩሽኔታው ይጮሃል፣ ዘበኛው «ያዙት!» ይላል፣ ሰኞ መንገዱን እንጂ ማንንም አያይም። ቦኖው ጋ ደርሶ ሲመለስ ምላሱን አውጥቶ ይስቅ ነበር፤ ውሻ አይስቅም የሚለኝ ሰው በዚያ ሰዓት ተኝቶ ነበር ማለት ነው። ያን ቀን ጉድጓድ አልቆፈረም፣ አላላዘነም፣ እናትየውንም አልተከራከረም። መታጠቢያ ቤቱን ጋሼ በነፃነት ተጠቀሙበት።

አሁን በየማለዳው ይሠራል፤ ግማሽ ጄሪካን፣ አጭር መንገድ፣ ፀሐይ ሳትወጣ ተፈትቶ ውሃውን ይጠጣል። የሠፈሩ ሰው የእጁን ጀርባ አስፋልት ላይ አሳርፎ ግለቱን መለካት ለምዷል፤ እጅህ ካልቻለው የሱም መዳፍ አይችለውም። በር ላይ የሚያልፉት የጋሪ ፈረሶች መጀመሪያ ሲያዩት ይደነብሩ ነበር፣ አሁን ጆሯቸውን ወዝወዝ አድርገው ያልፋሉ። ባለፈው አንድ ሽማግሌ ባለጋሪ ልጓም ስበው ቆሙ። ከጋሪያቸው ወርደው ዙሪያውን አዩት፤ ደረቱን ነካ ነካ፣ እግሩን አንሥተው መዳፉን ገልብጠው ተመለከቱ፣ ጥርሱንም ሊያዩ አፉን ከፈቱ፣ እሱ እጃቸውን ላሰ። «አካም ቡልቴ» ብለው በኦሮምኛ ሰላም አሉት፤ እሱም በረጅሙ መለሰላቸው። ከዚያ ወደ ልጅቷ ዞረው፣

«ልጄ፣ ስንት ኩንታል ይችላል?» አሉ።

«ኧረ አባባ፣ ግማሽ ጄሪካን ነው።»

ሽማግሌው ፈረሳቸውን አዩ፣ ሰኞን አዩ።

«ገብ ይበላል?»

«አይበላም።»

«እህ» አሉና ጅራፋቸውን ብብታቸው ሥር ሸጎጥ አደረጉ፣ «እንግዲያው እንነጋገር።»